ዌብ ዴቨሎፐር ሆናችሁ ደሴ ላይ የአውስትራሊያ ወይ የካናዳ ቪዛ ፕሮሰስ ልታስጀምሩ ካሰባችሁ፣ ስለዚህ ቢሮ የማውቀው

መጀመሪያውኑ ልንገራችሁና ማንበብ የሚሰለቸው እዚሁ ይብቃው፣ ለወረቀት ስራ ሂዱ ጎበዞች ናቸው፣ የሙያ ኮድ፣ ቪዛ ስታመለክቱ ሙያችሁ የሚመደብበትን ቁጥር ማለቴ ነው፣ ለማስመረጥ ግን እንዳትሄዱ። የቢሮውን ስም አልጠራም፣ ደሴ ጠባብ ናት፣ ባለቤቱም ክፉ ሰው አይደለም። ፒያሳ አካባቢ ደረጃ ወጥታችሁ በሩ ላይ የካናዳ የአውስትራሊያና የአሜሪካ ባንዲራ የተለጠፈበት ቢሮ ታገኛላችሁ፣ እንደዛ አይነት ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም ያለው፣ ስለዚህ ይሄ ፅሁፍ ለየትኛውም ይሰራል ብላችሁ ውሰዱት።

ስራቸው ብዙ ነው። ዲቪ በተከፈተ ሰሞን ደረጃው ላይ ሁሉ ሰው ነው፣ ከዛ ውጪ ትርጉም ይሰራሉ፣ ፓስፖርት ኦንላይን ይመዘግባሉ፣ ለዩኒቨርሲቲ አፕላይ ያደርጋሉ፣ አሁን ደግሞ ስኪልድ የሚሉትን ጀምረዋል፣ በሙያና በነጥብ የሚኬደውን ማለት ነው። የደሴና የኮምቦልቻ አይቲ ልጅ በሙሉ ሰሞኑን የሚያወራው ይሄንኑ ነው፣ እኔም በዚሁ ነው የሄድኩት።

ከጥሩው ልጀምር። ፀሐፊዋ፣ ወላሂ ቢሮውን የያዘችው እሷ ናት። የኛን አገር የስራ ልምድ ታውቁታላችሁ፣ «አቶ እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ በድርጅታችን በአይቲ ባለሙያነት በወር ብር ይህን ያህል እየተከፈላቸው ሲያገለግሉ ቆይተው በራሳቸው ፈቃድ የለቀቁ ሲሆን ከደመወዛቸውም ተገቢው የስራ ግብር ተቆርጦ ለመንግስት ገቢ የተደረገ መሆኑን እንገልፃለን»፣ ክብ ማህተም ጧ፣ አለቀ። ምን ስትሰራ እንደነበር አንዲት መስመር የለም። አውስትራሊያ ለአይቲ ሙያ ምዘናውን የሚሰራው ኤሲኤስ፣ የአውስትራሊያ ኮምፒውተር ሶሳይቲ ማለት ነው፣ የሚፈልገው ግን በትክክል እኛ የምንተወውን ነው፣ የስራ መደብህ ምን ነበር፣ በቋሚነት ነው በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በቀን በቀን ምን ትሰራ ነበር፣ የፈረመው ማነው ምን ስልጣን አለው በምን ይገኛል። ደመወዝህንና ግብርህን በዚህ ደብዳቤ ላይ ማንም አልጠየቀም።

ልጅቷ አስቀምጣኝ «ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ ምንድነው ምትከፍተው?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የመዝገብ ሲስተሙ ላይ የገባ ቅሬታ እንዳለ አያለሁ፣ ከዛ ዳታቤዙን፣ ከዛ ከሂሳብ ክፍል ጋር ቁጭ ብዬ ምን እንደሚፈልጉ እፅፋለሁ፣ ከዛ ኮድ ምናምን እያልኩ ስነግራት እሷ ትተይባለች፣ ያልገባትን ታስቆመኛለች፣ «ኤፒአይ ስትል ከምን ጋር ነው ያገናኘኸው?» ትላለች፣ ከቴሌብር ክፍያ ጋር እላታለሁ፣ እሱን ፃፈው ትላለች። ሌላው ቦታ የሚያደርጉት ከኢንተርኔት ላይ የሙያውን ዝርዝር እንዳለ ገልብጠው መለጠፍ ነው፣ ኤሲኤስ ደግሞ የራሱን መግለጫ ተገልብጦ ሲያይ አይወድም፣ አንተ የሰራኸውን ነው የሚፈልገው። ድራፍቱን ይዤ አለቃዬ ጋ ስሄድ ደግሞ ሌላ ጉድ፣ አነበበው አነበበውና «የግብሩን ነገር ለምን አወጣችሁት፣ ግብር አይከፍሉም ሊሉን ነው እንዴ?» አለ፣ ስደውልላት «እሺ በለው መጨረሻ ላይ እንመልስለታለን ምንም አይጎዳም» አለች፣ መለሰችው፣ ፈረመ። ይሄን ነው ብቃት የምለው።

የቀን ነገርም አለ። ስራ የጀመርኩት ጥቅምት 2013 ነው፣ ደብዳቤው ላይ እንዲሁ ተፅፎ ቢሄድ ፈረንጁ 2013ን የራሱ 2013 አድርጎ ነው የሚያነበው፣ በሱ 2013 እኔ ሆጤ ትምህርት ቤት ደብተር ተሸክሜ የምመላለስ ተማሪ ነበርኩ። ዲግሪዬ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ፣ የስራ ልምዱ በኛ፣ በቃ ሳልማር ተቀጥሬ ሰባት ዓመት የሰራሁ አጭበርባሪ እመስል ነበር። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ነው የሚፅፉት፣ ሳትነግሯቸው። ስምም እንደዛው፣ ዲግሪው ላይ የአባቴ ስም በአንድ ፊደል ተፅፏል ፓስፖርቱ ላይ በሌላ፣ ወሎ ውስጥ ሰይድ የሚባል አባት ያለው ሁሉ ያውቀዋል ይሄን፣ እሷ ከመጠየቄ በፊት አይታ ማረጋገጫ አስጨረሰችልኝ።

ለብዙዎቻችሁ የሚጠቅመው ግን ይሄኛው ነው መሰለኝ። የመጀመሪያ መስሪያ ቤቴ ፋይል በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል፣ ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ኮምፒውተሩም ፎልደሩም ማህተሙም ሄደ፣ ህዳር መጨረሻ ተመልሰን ስንገባ ባዶ ግድግዳ ነው ያገኘነው። እንደኔ አይነት ሰው ደሴ ውስጥ ስንት አለ መሰላችሁ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የነበሩትንማ ተዉት። ሌላ ቢሮ ብሄድ ወይ «ተወው አትጥቀሰው» ይሉኛል ወይ ደግሞ አዲስ ደብዳቤ ፎርጅድ እንስራልህ ይሉኛል፣ እሷ ግን የድሮ አለቃህ በህይወት አለ አይደል አለችኝ፣ አለ፣ እንግዲያው እሱ ቃለ መሃላ ይፈርም፣ አንተ ደግሞ ደመወዝ የገባልህበትን የባንክ ስቴትመንት አውጣ፣ የጡረታ መዋጮህንም ጨምር፣ ያልሰራህበትን ጊዜ ደግሞ እንዳልሰራህ ፃፈው አለች። ኤሲኤስ ድርጅቱ ደብዳቤ መስጠት ካልቻለ አብሮህ የሰራ ሰው በመሃላ የሚሰጠውን ቃል ከደመወዝ ማስረጃ ጋር ይቀበላል፣ ይሄን ብዙ ሰው ስለማያውቀው አንድ ዓመት ልምዱን እንዲሁ ይጥላል።

ይሄን ሁሉ ሳይ ቢሮውን አምስት ኮከብ ልሰጠው ነበር፣ ከዛ ባለቤቱ ክፍል ገባሁ።

ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጨዋ፣ ቡና አስቀርበው ነው የሚያናግሩህ። «ዌብሳይት ትሰራለህ አይደል?» አሉኝ፣ አዎ እሰራለሁ፣ «በቃ ዌብ ዴቨሎፐር ነህ፣ አብሽር» ብለው 261212 ፃፉ፣ ሌላ ጥያቄ የለም። ጋሼ ትንሽ ቆይ እንየው እንጂ ብላቸው «ሁሉም አንድ ነው ልጄ፣ ሁሉም አይቲ ነው» አሉኝ። አንድ አይደለም! አሁን እስቲ ይሄን ልዘርዝረው ምክንያቱም ደሴ ላይ ማንም በአማርኛ ሲያስረዳ አልሰማሁም።

አውስትራሊያ ለነዚህ ቪዛዎች ሙያን የምትመድበው አንዝስኮ በሚባል ዝርዝር ነው፣ ለእያንዳንዱ ሙያ ባለስድስት አሃዝ ኮድ አለው። ዌብ ዴቨሎፐር 261212 ነው፣ አጠገቡ ያለው ጎረቤቱ 261211 መልቲሚዲያ ስፔሻሊስት ነው፣ ሁለቱ አንድ ቤት ናቸው። ፕሮግራመሮቹ ያሉት ሌላ ቤት ነው፣ አናሊስት ፕሮግራመር 261311፣ ዴቨሎፐር ፕሮግራመር 261312፣ ሶፍትዌር ኢንጂነር 261313። ዌብ ዲዛይነር ደግሞ ጭራሽ ከግራፊክስ ዲዛይነሮች ጋር ነው፣ 232414፣ እሱን የሚመዝነው ኤሲኤስ ሳይሆን ቬትአሰስ የሚባል ሌላ መዛኝ ነው። ሌላም አለ፣ የተሰራ ዌብሳይት ላይ ፅሁፍና ፎቶ የሚቀያይረው፣ ሆስቲንግ የሚያሳድሰው፣ ባክአፕ የሚይዘው ሰው ዌብ አድሚኒስትሬተር ነው 313113፣ ደረጃውም አንድ እርከን ዝቅ ያለ ነው። እንግዲህ ደሴ ላይ ቢዝነስ ካርዱ ላይ ዌብ ዴቨሎፐር ብሎ የፃፈውን ሁሉ ሰብስባችሁ ብትጠይቁት ግማሹ ዎርድፕሬስ በሚባለው ዌብሳይት መስሪያ ላይ ዝግጁ ዲዛይን ገዝቶ የሆቴል ፎቶ የሚጭን ነው፣ ሌላው ሎጎ የሚሰራ ነው፣ ሌላው ደግሞ ለክሊኒክ የታካሚ መመዝገቢያ ከባዶ የሚፅፍ ነው፣ ሁሉንም «ዌብሳይት ሰሪ» ነው የምንላቸው። ኮዱ የሚመረጠው ግን በቀን በምትሰራው ስራ ነው፣ ካርድህ ላይ በተፃፈው ወይ ሰው በሚጠራህ አይደለም።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሰራ ጓደኛ አለኝ፣ የስራ መደቡ አይቲ ኦፊሰር ነው፣ የድርጅቱን ዌብሳይት እሱ ነው የሰራው፣ ግን ሰኞ ጠዋት ሲገባ የመጀመሪያ ስራው ፕሪንተር ነው፣ ከዛ ካሜራ፣ ከዛ የሂሳብ ሰራተኛዋ ኮምፒውተር አልከፍት አለኝ ትላለች። እሱን ዌብ ዴቨሎፐር ነህ ብለህ ገንዘቡን አስከፍለህ ብትልከው ተጠያቂው ማነው? ጋሼ ግን እሱንም 261212 ብለውታል፣ እዛው ቡና ላይ።

ልዩነቱ ምን ያመጣል ለምትሉ፣ ብዙ ያመጣል። ዌብ ዴቨሎፐር ያለው የአጭር ጊዜ በሚባለው የቪዛ ሙያ ዝርዝር ውስጥ ነው፣ ፕሮግራመሮቹና ሶፍትዌር ኢንጂነሩ የረጅም ጊዜው ውስጥ ናቸው። 189 የሚባለውን፣ ማንም ክልል ሳይጠራህ በራስህ ነጥብ ቋሚ ነዋሪ የሚያደርግህን ቪዛ፣ በ261212 ማመልከት አትችልም፣ በሩ ዝግ ነው። የሚቀርህ 190 ነው፣ አንዱ ክልል መርጦ ሲጠራህ፣ ወይ ደግሞ 491፣ እሱ ከትልልቆቹ ከተሞች ወጣ ብለህ የምትኖርበት የአምስት ዓመት ጊዜያዊ ነው፣ ሶስት ዓመት መስፈርቱን አሟልተህ ከኖርክ በኋላ ነው ለቋሚው የምታመለክተው። ክልሎቹ ደግሞ ዛሬ ዌብ ዴቨሎፐር እንፈልጋለን ብለው ነገ ከዝርዝራቸው ሊያወጡት ይችላሉ። እንግዲህ ይሄ ሁሉ በአንድ ቁጥር ነው የሚወሰነው፣ ሰውየው ግን ሲኒ ሳያስቀምጡ ነው የፃፉት።

ደግሞ ተሳስታችሁ ለነጥብ ስትሉ ሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ እንዳትሉ፣ ደብዳቤው ላይ ያለው ስራ ካልገጠመ ምዘናው ይወድቃል ገንዘቡም አይመለስም። ትክክለኛ ዌብሳይት ሰሪ ከሆንክ፣ የፊትና የኋላውን በኮድ የምትሰራ፣ 261212 የራስህ ኮድ ነው፣ አታፍርበት፣ በ190 የሚሄድ ይሄዳል። እኔ ግን በቀን የምሰራው የደመወዝና የመዝገብ ሲስተም ነው፣ ተጠቃሚውን ጠይቄ፣ ፍላጎቱን ፅፌ፣ በላራቬል ኮድ አድርጌ፣ ሞክሬ፣ ዶክመንት የምሰራ ነኝ፣ ያ ደግሞ 261311 ላይ ከተፃፈው ጋር ነው የሚሄደው። ይሄን ለማወቅ ዝርዝሩን ራሴ አውጥቼ ከደብዳቤዬ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኩ፣ ምንም የተለየ እውቀት አይጠይቅም፣ ነፃ ነው ኢንተርኔት ላይ አለ።

ነጥቡም ላይ ጋሼ ይቸኩላሉ። የኔን እንዲህ ደመሩልኝ፣ ዕድሜ ከ25 እስከ 32 ስለሆንክ 30፣ ዲግሪ 15፣ አይኤልትስ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውን፣ በአራቱም ክፍል 7 ካመጣህ 10፣ የአምስት ዓመት ልምድ 10፣ 65 ሞላህ እንኳን ደስ አለህ። መነሻው 65 መሆኑ ልክ ነው። ግን ኤሲኤስ ልምድህን እንዳለ አይቆጥርልህም፣ ዲግሪህ ከሙያው ጋር በቀጥታ ቢገናኝ እንኳ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ቆርጦ ነው «ከዚህ ቀን በኋላ ባለሙያ ነህ» የሚልህ፣ ብዙ ካልተገናኘ ደግሞ አራት። የኔ አምስት ዓመት ሶስት ሆነ ማለት ነው፣ ሶስት ዓመት 5 ነጥብ ነው፣ ስለዚህ 60፣ ከመነሻው በታች። 190 ቢሆን 5 ይጨመራል 491 ቢሆን 15። ላጤ ብሆን ደግሞ 10 ነጥብ በነፃ ነበረኝ፣ አውስትራሊያ ላጤ ትወዳለች፣ እኔ ያቺን 10 ነጥብ ሰርግ ላይ አብልቻታለሁ። ባለቤቴ አይኤልትስ ተፈትና በአራቱም 6 ብታመጣ 5 ይመለስልናል፣ እሷ ግን «ያንተን 7 መጀመሪያ አሳየኝ» ብላለች፣ እውነቷን ነው። 65 ሞልቶ እንኳ ሰልፍ መያዝ ነው እንጂ መጠራት አይደለም፣ የሚጠሩት ከላይ ጀምረው ነው፣ ይሄንንም አልነገሩኝም።

ካናዳ ላይ ደግሞ የሚብሰው። ፎርማቸው ላይ የዌብ ዴቨሎፐር ኮድ ብሎ 2175 ይላል። ይሄ የድሮ ነው! ካናዳ ከኖቬምበር 16፣ 2022 ጀምሮ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የባለሙያ መቀበያዋ ላይ በአዲሱ ኤንኦሲ፣ የራሷ የሙያ ዝርዝር ማለት ነው፣ ነው የምትሰራው፣ ባለ አምስት አሃዝ ነው፣ የድሮውን 2175 ለሁለት ከፍለውት ዌብ ዲዛይነር 21233 ዌብ ዴቨሎፐርና ፕሮግራመር 21234 ሆኗል። የድሮ ፎርማቸውን እንደ አሮጌ አጀንዳ ከዓመት ዓመት እየገለበጡ ነው። ስለዚህ የትኛውም ቢሮ ስትሄዱ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይሄ ይሁን፣ የካናዳ ኮዴ ስንት አሃዝ ነው በሏቸው፣ አራት ካሉ ቡናውን ጠጥታችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ሌላው፣ 2023 ላይ ካናዳ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙያዎች ለብቻ መጥራት ስትጀምር ዌብ ዴቨሎፐር ዝርዝሩ ውስጥ ነበር፣ 2025 ላይ ሲከለስ ወጥቷል፣ ግድግዳቸው ላይ ግን እስካሁን «አይቲ በልዩ ሁኔታ» የሚል ተለጥፏል፣ ቢያነሱት ጥሩ ነው።

«ካናዳ ሰው አለን» ይላሉ፣ ሁሉም ይላል። ካናዳ ውስጥ በክፍያ የሚያማክር ሰው ወይ ጠበቃ ወይ የጠበቆች ማህበር ፈቃድ ያለው የህግ ረዳት ነው ወይ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ የሚባለው ተቆጣጣሪ ፈቃድ የሰጠው አማካሪ ነው (ኩቤክ ላይ ኖተሪም ይችላል)፣ የፈቃድ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አስገብታችሁ ታዩታላችሁ። አውስትራሊያም ሰባት አሃዝ የምዝገባ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ስጠይቅ «እሱ ስራ ስለሚበዛበት» ተባልኩ። ስራ ስለሚበዛበት ቁጥር አይኖረውም? እሺ።

ክፍያቸው ትርጉም በገፅ ነው፣ ለደሴ ውድ አይባልም፣ አዲስ አበባ ደርሶ መልሱን ስታስቡት እንደውም ረከስ ያለ ነው። ደብዳቤ ማዘጋጀት ለብቻ ይከፈላል፣ ይገባታል። «ሙሉ ፕሮሰስ» የሚሉትን ግን ግማሹን ቅድሚያ ግማሹን ኮድ ተሞልቶ ሲላክ ነው የሚጠይቁት፣ ቪዛ ሲመጣ አይደለም፣ ደረሰኝ ላይም «የማማከር አገልግሎት» ብቻ ነው የሚፅፉት፣ ይሄን አልወሰድኩም። የቪዛ ማመልከቻው ራሱ ከ4 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር በገበያ ዋጋ ይሁን ከተባለ ወዲህ በብር ስታባዙት ልብ ያቆማል፣ ክፍያውም በካርድ ስለሆነ ወይ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ትለምናላችሁ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ። እንዲህ አይነት ብር ከመውጣቱ በፊት ኮዱ ልክ መሆኑን አንድ ሳምንት ሙሉ ብታነቡ አይቆጫችሁም።

ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ፣ ፊት ለፊት፣ በአክብሮት። ፎርሙን እናስተካክለዋለን አሉኝ፣ ፀሐፊዋ ከኋላ ሆና ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ እሷ ኮድ የመምረጡን ስራ ብትይዝ እኔ ሙሉ ፕሮሰሱን ዓይኔን ሳላሽ እከፍል ነበር።

ኮከብ፣ ለወረቀቱ አምስት፣ ለማማከሩ ሁለት፣ ሁለቱም ለቡናው ነው። ስትሄዱ ዲግሪና ትራንስክሪፕቱን ኦሪጅናሉን ያዙ፣ ስካን በከለር ነው የሚያደርጉት፣ ፒዲኤፉን በፍላሽ ተቀበሏቸው፣ መብራት ከሄደ ጄነሬተር ስለሌላቸው ደውላችሁ ሂዱ። ጁምዓ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ዝግ ነው፣ ሰኞ ገበያተኛው ስለሚበዛ ሰልፍ አለ፣ ፀሐፊዋ ቅዳሜ አትገባም፣ እሷ የሌለችበት ቀን ባትሄዱ ይሻላል።